«አፈሩ ነው» አያድንም፦ ባሕር ዳር ላይ ለሚሠሩ ወጣት ኢንጂነሮች

የጎረቤትን የአፈር ምርመራ መገልበጥ። ይሄ ያናድደኛል። ሽምብጥ አካባቢ ለሚሠራ ቤት የመጣ ሪፖርት ሳገላብጥ ሽፋኑ ላይ የባለቤቱ ስም አለ። ውስጡ ግን ከገጽ ገጽ ራስጌው ላይ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም፣ የሌላ ቀበሌ ቦታ ነው። ስሙን እንኳ ሳይቀይሩት! ያዘጋጀው ልጅ «ያው ሁሉም ዋልካ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ነው» አለኝ። አይደለም። እዚህ ከተማ አንዱ ግቢ ትንሽ ሲቆፈር ጥቁር ድንጋይ ይወጣል፤ ጎረቤቱ ጋ ዋልካው ወደ ታች ይቀጥላል። ዋልካ ደግሞ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በር አልዘጋ ይላል፤ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ግድግዳው ሰያፍ ይተረተራል።

ግንቦት ላይ አስቆፍሮ «ውኃ አልተገኘም» ብሎ መጻፍም ያው ነው። ጣና የሚጎድለው ያኔ ነው። መስከረም ላይ ሲሞላ ዳር ዳሩ ላይ ከመሬት በታች ያለው ውኃም አብሮ ከፍ ይላል።

ቤቱ ሲሰነጠቅ «አፈሩ ነው» ይባላል። ሕጉ ይቺን ቀዳዳ በ1952 ዘግቷታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ተቋራጩን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ያስጠይቀዋል፤ በአፈሩ ጠባይ ለሚደርስ ጉዳትም ጭምር። ውል ላይ ጊዜውን ማሳጠር ዋጋ የለውም። ከርክክብ በኋላ ያለው የ1 ዓመት የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ሲያልፍ የተገላገሉ የሚመስላቸው አሉ፤ አዝንላቸዋለሁ። ዲዛይነሩም ቢሆን አንቀጽ 2031 አለለት፦ ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ ይሠራል፤ ግዴታውን ችላ ብሎ ካጠፋ ይከፍላል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» መልስ አይሆንም።

ያልሠራችሁትን ዲዛይን መፈረም። «ለጓደኛዬ ብዬ ነው» ብላችሁ ለዳኛ ስትናገሩ አስቡት።

«በሽማግሌ ያልቃል» ማለት። ለተሰነጠቀ አጥር ሊሆን ይችላል። ሰው ከሞተ ግን ቤተሰቡ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይላል። ሕጉ በምሳሌነት የሚጠራው ሐኪምና ሾፌርን ነው፤ ኢንጂነር ከዚህ ውጭ ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

ኮንክሪት ላይ ውኃ ሲጨመር ማለፍ። ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) እየተሞላ «ወፈረ» ይባልና አንድ ባልዲ ይደፋል። ለምርመራ የሚሄደው ኪዩብ (የኮንክሪት ናሙና) የተሞላው ውኃው ሳይጨመር ስለሆነ በ28ኛው ቀን ያማረ የጥንካሬ ውጤት ይመጣል። ያ ወረቀት ስለ ኪዩቡ እንጂ ስለ ሶሌታው የሚመሰክረው የለም። አስቁሙ። ፎርማኑ ያኩርፍ።

በቃል ማዘዝ። «ኢንጂነር፣ እሺ» ያላችሁ ፎርማን ክሱ ሲመጣ ሌላ ከተማ ሌላ ሳይት ላይ ነው። ሳይት ቡኩ (የሳይቱ መመዝገቢያ ደብተር) ላይ ጻፉ፣ አስፈርሙ፣ ቅጂውን እቤታችሁ አስቀምጡ።