ሉፑ አልቆርጥ ሲል፦ የሊፕ ሉፕ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሊፕ (LEEP) ማለት በኤሌክትሪክ በሚሠራ የሽቦ ቀለበት፣ ማለትም በሉፕ፣ የተለወጠ የማህጸን ጫፍ ሥጋን ቆርጦ ማውጣት ነው። ሉፑ መሃል ላይ ሲንገራገጭ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ኤሌክትሪኩን የሚሰጠውን ጄኔሬተር ዋት ለመጨመር ነው። ይህ ግን መጨረሻ ላይ የሚሞከር ነገር ነው። ሉፑ ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የተንግስተን ወይም የስቴይንለስ ስቲል ሽቦ ሲሆን የማህጸን ጫፍን የሚቆርጠው በስለት አይደለም። በሽቦውና በሥጋው መካከል የሚፈጠረው ብልጭታ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውኃ በቅጽበት ያተነዋል፤ መቆረጥ ማለት ይኸው ነው። ብልጭታው ከጠፋ የቀረው ተራ ሽቦ ነው፤ ሲገፉት ይታጠፋል፣ የነካውንም ያቃጥላል።

ሉፑ ይጎትታል ወይም መሃል ላይ ይቆማል

በመጀመሪያ የመመለሻ ፓዱን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ከታካሚዋ ሰውነት ወደ ጄኔሬተሩ የሚመልሰውን ተለጣፊ፣ ይመልከቱ። ፓዱ በደረቀና ጡንቻ ባለበት የጭን ቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ መለጠፍ አለበት፤ በጠባሳ፣ በአጥንት ጉብታ ወይም በብረት ተከላ ላይ አይለጠፍም። ጥጉ ተላጦ ሳለ ዋት ከተጨመረ መላው ኃይል በተረፈችው ጠባብ ቦታ ይመለስና የታካሚዋን ጭን ያቃጥላል። ለሁለት የተከፈለ ፓድና የንክኪ መቆጣጠሪያ ያለው ጄኔሬተር መላጡን በድምፅ ያስጠነቅቃል። ያልተከፈለ ፓድ የሚጠቀም መሣሪያ ግን ገመዱ ካልተቋረጠ በስተቀር ዝም ይላል፤ ስለዚህ ፓዱን በእጅ መዳሰስ ግድ ነው።

ፓዱ ደህና ከሆነ ወደ ገመዱና ወደ እጅ መያዣው ይሂዱ። የሉፑ ዘንግ ብዙውን ጊዜ 2.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ መያዣው ውስጥ ከላላ ብልጭታው ውስጥ ለውስጥ ይባክናል።

ቀጥሎ የአሠራሩ ጉዳይ ይመጣል። ኤሌክትሪኩን የሚለቀው የእግር ፔዳል የሚረገጠው ሽቦው ሥጋውን ሊነካ ሲል ነው፤ ነክቶ ከቆየ በኋላ ከተረገጠ ብልጭታው አይነሳም። ሽቦው ወደ ጎን ሲለመጥ ካዩ እጅዎ ከብልጭታው ቀድሟል ማለት ነው። መሃል ላይ ከቆመ አይግፉት። ሉፑን ያውጡ፣ ምክንያቱን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ከተቃራኒው ጎን ገብተው ከመጀመሪያው ቁርጥ ጋር ያገናኙት።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልቆረጠ ብቻ ዋቱ ለሉፑ መጠን ይበቃ እንደሆነ ይታያል። 10 በ10 ሚሊ ሜትር የሆነ ሉፕ በ30 ዋት አካባቢ ይሠራል፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከ40 እስከ 50 ዋት ሊፈልግ ይችላል። ጄኔሬተሮች ስለሚለያዩ የአምራቹ ሠንጠረዥ ይቀድማል።

የናሙናው ጠርዝ ጠቁሮ ይወጣል

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎ። ጠርዙ ከተቃጠለ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ፓቶሎጂስት የተለወጠው ሥጋ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ መውጣቱን መናገር ያቅተዋል፤ ሴትየዋም ያለ በቂ መልስ ትቀራለች። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ እጅ መዘግየቱ፣ በሽቦው ላይ የተጋገረ ጥቁር ቅርፊት ወይም ጄኔሬተሩ ኮአግ (ደም ማቆሚያ) በሚባለው አሠራር ላይ መሆኑ ነው። ሉፕ የሚሠራው በከት (መቁረጫ) ወይም በብሌንድ (የሁለቱ ቅይጥ) ነው። ኮአግ ደም ለማቆም ለሚያገለግለው ባለ ኳስ ኤሌክትሮድ ነው።

ሽቦው ይበጠሳል

ከመጠቀምዎ በፊት ሉፑን በደማቅ ብርሃን በማጉያ መነጽር ይዩት፤ በተለይ ሽቦው በዘንጉ ጫፍ ያለው አግዳሚ ውስጥ የሚገባባቸውን ሁለት ነጥቦች። እዚያ ላይ የጠቆረ፣ የሳሳ ወይም የተቆለመመ ነገር ካለ፣ ወይም ቅስቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሉፑ ይጣላል። የታጠፈን ሽቦ በፒንሴት ማቃናት ብረቱን ያደክመዋል፤ የሚበጠሰውም እዚያው ላይ ነው። በአየር ላይ ለረጅም ጊዜ ፔዳል መርገጥና የብረት ስፔኩለም (ብልትን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) መንካትም ሽቦውን ይጎዳሉ።

ከተበጠሰ ፔዳሉን ይልቀቁ፣ የቀረውን ሽቦ ከአዲስ ሉፕ ጋር አመሳክረው ምን ያህል እንደጎደለ ይለዩ። ቁራጩን በቁስሉ፣ በናሙናውና በጋዙ ላይ ይፈልጉ። ካልተገኘ ብረት ስለሆነ በራጅ ይታያል።

የሴት ብልት ግድግዳ ይቃጠላል

የዘንጉ መሸፈኛ ተሰንጥቋል፣ ወይም ስፔኩለሙ ያልተሸፈነ ብረት ነው፣ ወይም የተሸፈነው ተጭሯል። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ለብልጭታ ይበቃዋል። የተሸፈነና የጭስ መሳቢያ ቱቦ ያለው ስፔኩለም ይጠቀሙ፤ ጭሱ የኤችፒቪ (የማህጸን ጫፍ ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ዘረመል ሊይዝ ስለሚችል መሳቢያው ከመጀመሪያው ይከፈት። ግድግዳው ወደ ውስጥ ከወደቀ በጎን መግለጫ ይያዝ። አልኮል ያለበት ማጽጃ እሳት ያስነሳል፤ አይጠቀሙበት።

ሉፑ ከማሸጊያው ሲወጣ

በማሸጊያው ላይ የምርት መለያ ቁጥር፣ የማብቂያ ቀንና የማምከኛ ዘዴ፣ በማሸጊያው ወይም አብሮት ባለው መመሪያ ላይ ደግሞ የሚቋቋመው ከፍተኛ ቮልቴጅ መጻፍ አለበት። አይኢሲ 60601-2-2 የተባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ደረጃ ይህን የቮልቴጅ መጠን ይጠይቃል፤ የጄኔሬተርዎ ቮልቴጅ ከዚያ ከበለጠ መሸፈኛው ሊበሳ ይችላል። ማሸጊያው የረጠበ ወይም የተቀደደ ከሆነ ንጽሕናው የተጠበቀ ነው ማለት አይቻልም። 2 ቁጥር በክብ ውስጥ ተሰርዞ ካዩ ሉፑ ለአንዲት ታካሚ ብቻ ነው፤ አጥቦ በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ማምከን የሳሳውን ሽቦና የተሰነጠቀውን መሸፈኛ አይመልስም።