ቁልፉ አልዞር ሲል፦ የማስነሻ ቁልፍ ሲሊንደር አቀያየር

ባለፈው ክረምት ፒያሳ መኪናዬን አቁሜ ማኪያቶ ጠጥቼ ተመለስኩ። ቁልፉ ይገባል፣ ግን አይዞርም። በጉልበት ላዞረው ስል የፓርኪንጉ ልጅ ሮጦ መጣ። "ኧረ ይሰበራል ጋሼ! መሪውን ወዝወዝ እያደረጉ ያዙሩት" አለኝ። እንዳለው ሳደርግ ታዘዘልኝ። ሳምንት ሳይሞላው ግን እንደገና እምቢ አለ።

እናንተም ከመፍታታችሁ በፊት ችግሩን ለዩ። መጀመሪያ የልጁን ምክር ሞክሩ፤ የተቆለፈ መሪ ቁልፉን ጨምድዶ ይይዛል። ቀጥሎ ትርፍ ቁልፋችሁን አስገቡ። እሱ ከዞረ ያለቀው ቁልፉ ነው። አዲስ ስታስቀርጹ ካላለቀው ላይ ይቀረጽ። ቁልፉ በደንብ እየዞረ ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ ሲሊንደሩን ተዉት። ባትሪውን፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖና ከሲሊንደሩ ጀርባ ያለውን ስዊች አስፈትሹ።

ሲሊንደር የምለው ቁልፉ የሚገባበትን ክብ ብረት ነው። ውስጡ ስስ ብረቶች በስፕሪንግ ተደርድረዋል። የቁልፉ ጥርስ ሁሉንም በልካቸው ሲያነሳቸው ይዞራል። ሲበሉ ወይም ቆሻሻ ሲይዛቸው ይነክሳል። ዘይት አትጨምሩበት፣ አቧራ ይሰበስባል። የግራፋይት ዱቄት ይሻላል።

ሲሊንደሩ ማለቁን ካረጋገጣችሁ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥባቸው ሶማሌ ተራ ወይም ተክለ ሃይማኖት ብቅ በሉ። የመኪናውን ሞዴልና ዓመት፣ ከተቻለም የሻንሲ ቁጥሩን ያዙ። ያገለገለ ከሆነ ከነቁልፉ ግዙ። እዚያው ሱቁ ውስጥ አሥር ጊዜ አዙሩት፤ አንዴ እንኳ ከነከሰ መልሱለት። ቁልፋችሁ መኪናው የሚለይበት ቺፕ ያለው ከሆነ ደግሞ አዲሱ ቁልፍ ዞሮ ሞተሩ ላይሠራ ይችላል። የአሮጌው ቁልፍ ቺፕ ይዛወር ወይም አዲሱ በባለሙያ ፕሮግራም ይደረግ።

አሁን ወደ ሥራው። እንደ ኮሮላና ቪትዝ ባሉ ብዙ ባለ ቁልፍ ቶዮታዎች አሠራሩ ተቀራራቢ ነው። ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ። በ10 ቁጥር ቺያቬ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ኤርባግ ስላለ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ፤ እኔ አምስት ደቂቃ እሰጠዋለሁ። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አትንኩት፣ የኤርባጉ ነው።

ከመሪው ሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ቪቶች በባለ መስቀል ካቻቢቴ ፍቱ። ሽፋኑ በመያዣም ስለሚነክስ በጥፍራችሁ ቀስ እያላችሁ አላቁት። ሲሊንደሩን የከበበ የቺፕ ቀለበት ካለ ሽቦውን ሳትጎትቱ አውጡት።

ዋናው ነገር ይኼ ነው። ቁልፉን ኤሲሲ (ACC) ላይ፣ ማለትም ከሎክ (LOCK) ቀጥሎ ባለው ቦታ ላይ አድርጉት። በሲሊንደሩ ቤት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ፈልጉ። እዚያ ውስጥ በቀጭን ካቻቢቴ የምትጫኑት ፒን አለ። ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ቁልፉን ወደ እናንተ ሳቡ፤ ሲሊንደሩ ተከትሎት ይወጣል። እምቢ ካለ ቁልፉ ትክክል ኤሲሲ ላይ አይደለም፣ ትንሽ ወዲህ ወዲያ በሉት። ቁልፉ ጭራሽ ካልዞረ ግን በዚህ መንገድ አይወጣም። ያኔ ሊብሬያችሁን ይዛችሁ ቁልፍ ሠሪ ጥሩ እንጂ በመዶሻ አትታገሉት።

አዲሱን ሲሊንደር ቁልፉ ኤሲሲ ላይ እንዳለ አስገቡ። ፒኑ "ቀጭ" እስኪል ግፉት። ከዚያ ፒኑን ሳትነኩ ጎትቱት። ከወጣ አልገባም ማለት ነው።

ሽፋኑን ከመመለሳችሁ በፊት ባትሪውን አስራችሁ ፈትሹ። ከሎክ እስከ ስታርት ደጋግማችሁ አዙሩ። ሞተሩን አስነሱ፣ መሪውን ግራ ቀኝ እስከ ጫፍ አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ መሪ ቢቆለፍባችሁ ፍሬን ብቻውን አያድናችሁም። ይህን ፍተሻ ማንም ቢያጣድፋችሁ አትዝለሉት።

አሮጌውን ቁልፍ አትጣሉት። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ሁለት ቁልፍ መያዝ ከሰለቻችሁ ቁልፍ ሠሪ የአዲሱን ሲሊንደር ስስ ብረቶች በአሮጌው ቁልፍ ልክ ሊደረድርላችሁ ይችላል፤ ያንን ግን ሲሊንደሩ ሳይገባ በፊት አሠሩት።