ያገለገለ የኪስ ካሜራ እንዴት ይመረጣል?

የኪስ ካሜራን ስልክ ገደለው ተብሎ ነበር። አሁን ወጣቶች ቲክቶክ ላይ እያሳዩት ተመልሶ መጣ፤ ዋጋውም አብሮ ወጣ። እዚህ አገር አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ያገለገለውን ነው። ዘመድ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ይዞት ይመጣል፣ አለዚያ አንድ ሰው ቴሌግራም ላይ «አዲስ ነው፣ ብዙ አልተነሳበትም» ብሎ ይለጥፋል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ዓይነቱን ካሜራ ለመግዛት ላሰበ ሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ

ደህና ስልክ ካላችሁና ፎቶ የምታነሱት ለቴሌግራም ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ። ርካሽ የኪስ ካሜራ ማታ ላይ ጥሩ ስልክን አያሸንፍም። ካሜራው የሚበልጠው በእውነተኛ ዙሙና በእውነተኛ ፍላሹ ነው። ሠርግ ላይ የስልካችሁን ባትሪ አለመጨረሱም ቀላል ነገር አይደለም። ከእነዚህ አንዱ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፉ።

2. የት ነው የምታነሱበት?

ሻጭ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት የሚመለስ ጥያቄ ነው። ማታ ሳሎን ውስጥ ቡና ሲፈላ፣ ልጆች ሲጫወቱ፣ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን በጧፍ ብርሃን ከሆነ ብርሃን የሚሰበስብ ካሜራ ነው የምትፈልጉት። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ በጠራራ ፀሐይ ከሆነ ደግሞ ብርሃን ሞልቷል፤ የሚያስፈልገው ረጅም ዙም ነው። ደናክል ለመውረድ ካሰባችሁ አሸዋና ጨው የማያስገባ ይሁን። እንደ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 (2019) ያለው ሌንሱ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ዙሙ የሚሠራው እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ነው። ውሃ ውስጥም እስከ 15 ሜትር ይገባል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ካሜራ ግን የለም። «ለሁሉም ይሆናል» የሚላችሁ ሻጭ ነው።

3. ሜጋፒክስሉን ትታችሁ ሌንሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ

ሁለት ካሜራዎችን እናወዳድር። ካኖን አይክሰስ 285 (2016፤ አሜሪካ ውስጥ ኤልፍ 360 ይባላል) 20 ሜጋፒክስል ነው። የመጀመሪያው ሶኒ አርኤክስ100 (2012) እሱም 20 ሜጋፒክስል ነው። በወረቀት ሲታዩ እኩል ናቸው። ማታ ሳሎን ውስጥ ግን አይገናኙም።

ልዩነቱን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሴንሰሩ ነው፤ ማለትም ብርሃኑ የሚያርፍበት ሰሌዳ። የአይክሰሱ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የሶኒው ደግሞ 13.2 በ8.8። በስፋት አራት እጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛው የሌንሱ አፍ ነው። ሌንሱ ዙሪያ 1:1.8-4.9 (ሶኒው ላይ) ወይም 1:3.6-7.0 (አይክሰሱ ላይ) የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አፉ ይሰፋል፤ 1.8 ከ3.6 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ሁለቱን ስታባዙት፣ ዙም ሳይደረግ ሶኒው በአንድ ቅጽበት 16 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል ማለት ነው። አይክሰሱ ይህን ጉድለት ለመሙላት ወይ ምስሉን ያሻክራል፣ ወይ የሚንቀሳቀስ ልጅ ያደበዝዛል፣ ወይ ፍላሽ ይተኩሳል።

ሁለተኛውን ቁጥርም አትለፉት፤ ዙሙ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የሚቀረውን አፍ ነው የሚነግራችሁ። ሶኒው 4.9 ላይ ይወርዳል። ካኖን ጂ7ኤክስ (2014) ግን ሴንሰሩ ያው ሆኖ 2.8 ላይ ይቆማል፤ እዚያ ጫፍ ላይ ሦስት እጥፍ ገደማ ብርሃን ይበልጣል። ሠርግ ላይ ከሩቅ ፊት ለማንሳት እኔ ጂ7ኤክስን እመርጣለሁ። ለኪስ ግን ሶኒው ይቀላል፤ 240 ግራም ብቻ ነው።

አይክሰሱም ከንቱ አይደለም። 12 እጥፍ ዙም አለው፣ ሶኒው 3.6 ብቻ። ጃን ሜዳ በቀን ሁለቱንም ብትሰጡኝ አይክሰሱን ነው የምወስደው። «ዲጂታል ዙም» የሚለውን ግን አትቁጠሩት፤ ምስሉን ቆርጦ ከማጉላት በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

4. ካሜራውን መፈተን

ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። እኔ የተማርኩት ገዝቼ ሳይሆን ሸጬ ነው። ሊገዛኝ የመጣው ሰው የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበር። ካፌ ተቀምጠን ከቦርሳው የራሱን ሚሞሪ ካርድና አንድ ቅጠል ጋዜጣ አወጣ። የእኔ ማኪያቶ ቀዘቀዘ፣ እሱ ገና ሌንሱን ያዳምጣል። በመጨረሻ እኔ አይቼው የማላውቀውን ነጠብጣብ አሳይቶኝ ዋጋ አስቀነሰኝ። ልክ ነበር። ያደረገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ካሜራውን ደጋግሞ አበራው፣ አጠፋው። ሌንሱ ወደ ላይ ዞሮ፣ ወደ ታች ዞሮ፣ በጎኑ። ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማል። የኪስ ካሜራ ሌንስ በወጣና በገባ ቁጥር አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር አቧራና አሸዋ ይገባል። አሸዋው ሌንሱን በሚያንቀሳቅሱት ጥርሶች መሃል ሲገባ የመፋጨት ድምፅ ይሰማል። አንድ ቀን ሌንሱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ስክሪኑ «ሌንስ ኤረር» ይላችኋል። የብዙዎቹ የኪስ ካሜራዎች መጨረሻ እንዲህ ነው፤ ጥገናውም አብዛኛውን ጊዜ ከካሜራው ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። ስለዚህ የሚያንቋቋ፣ የሚንገዳገድ ወይም ሲወጣ የሚያመነታ ሌንስ ካያችሁ መልሱለት። «ትንሽ ዘይት ነው የሚፈልገው» ቢላችሁም አትስሙት። ሲጠፋ የሌንሱ ክዳኖች ሙሉ በሙሉ መግጠማቸውንም እዩ።

ቀጥሎ ውጭ ወጥቶ ሰማይ አነሳ። በዚህ ፈተና ሴንሰሩ ላይ አቧራ መኖሩ ይታወቃል። አፐርቸሩን፣ ማለትም ያንን የሌንሱን አፍ ቁጥር፣ መምረጥ የሚቻል ከሆነ 11 ላይ አድርጉት፤ የማይቻል ከሆነ ዙሙን እስከ መጨረሻው ሳቡና ብሩህ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ። ሁለት ሦስት ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ የሚደጋገም ጠቆር ያለ ክብ ነጥብ ካለ አቧራው ውስጥ ነው። «ሌንሱ ነው፣ ይጠረጋል» ከተባላችሁ ይጠረግና እንደገና አንሱ። ነጥቡ ካልሄደ ክርክሩ አለቀ። የዚህ ካሜራ ሌንስ ስለማይወልቅ ማጽዳት ማለት ካሜራውን መፍታት ማለት ነው።

ጋዜጣው የመጣው ለዚህኛው ነው። ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ለጥፉት። አዲስ ዘመንም ይሁን ሌላ፣ ጽሑፉ ደቃቅ ይሁን እንጂ። ፊት ለፊት ቆማችሁ ገጹ ምስሉን እንዲሞላው አድርጋችሁ አንሱ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ አራቱን ማዕዘኖች አወዳድሩ። አራቱም እኩል ትንሽ ቢለሰልሱ ምንም አይደለም። ሦስቱ ተነብበው አንዱ ከደበዘዘ ግን ሌንሱ ተጣሟል፤ ካሜራው ሳይወድቅ አይቀርም። ሰውነቱ ላይ ጭረት ባይኖርም አትመኑ።

የቀረው ፈጣን ነው። የስልክ መብራት በጎን በኩል ወደ ሌንሱ አብሩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ከታየ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ሌንሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ፎቶ አንሱ፤ አንድ ሁለት ባለቀለም ነጥብ ይታገሡታል፣ ብዙ ከሆነ አይሆንም። ፍላሹ ይተኩስ። እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ባትሪውን ስታወጡት ከተጣበቀ አብጧል፤ አዲስ መግዣውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ካሜራው ያለው ውጭ አገር ዘመድ ጋ ከሆነ እነዚህኑ ፎቶዎች ያንሳላችሁ። ቴሌግራም ላይ ሲልክ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና የማዕዘኑ ድብዘዛ ከየት እንደመጣ አይለይም።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ «እቸኩላለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሂሳባችሁን ከፍላችሁ ውጡ። የማኪያቶውን ማለቴ ነው።

5. ካርድ፣ ባትሪ፣ ቋንቋ

ሚሞሪው ኤስዲ መሆኑን አረጋግጡ። የድሮ ኦሊምፐስና ፉጂ ካሜራዎች ኤክስዲ የሚባል ካርድ ይጠቀማሉ፣ የድሮዎቹ ሶኒዎች ደግሞ ሚሞሪ ስቲክ። ካሜራው ርካሽ ይሆናል፣ ካርዱ ግን ያንከራትታችኋል። ኤስዲ ቢሆንም በጣም የቆየው ከ2 ጊጋባይት በላይ ላያነብ ይችላል፤ የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ የምትሄዱት ለዚህም ጭምር ነው።

ሁለተኛ ባትሪ ከዋጋው ጋር አብራችሁ አስቡ። ጂ7ኤክስ አዲስ ሆኖ እንኳ በአንድ ሙሌት 210 ፎቶ ገደማ ነው የሚያነሳው፤ ለአንድ ሠርግ አይበቃም። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ካለ እዚህም ይሠራል።

ከጃፓን የመጣ ሶኒ ከቀረበላችሁ ሜኑውን ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት የሶኒ ካሜራዎች አብዛኞቹ ጃፓንኛ ብቻ ናቸው፣ ቋንቋ መቀየሪያ የላቸውም።

6. ስትከፍሉና ከገዛችሁ በኋላ

ከመክፈላችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ሲሪያል ቁጥር ከካርቶኑ ወይም ከደረሰኙ ጋር አስተያዩ። ቤት ስትደርሱ ቀኑን አስተካክሉ፣ ዲጂታል ዙሙን አጥፉ፣ የእጅ ማሰሪያውን እሰሩ።

ካሜራው ከአሜሪካ ከመጣ የቪዲዮው ሜኑ ላይ ኤንቲኤስሲ (NTSC) የሚለውን ምርጫ ወደ ፓል (PAL) ቀይሩ። የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ካልቀየራችሁት ቤት ውስጥ የምትቀርጹት ቪዲዮ በአንዳንድ አምፖሎች ሥር ይርገበገባል። መቀየሪያ የሌለው ካሜራም አለ፤ በእጅ ማስተካከል የሚፈቅድ ከሆነ የሻተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ላይ አድርጉት።

ነጠላ የለበሱ ሰዎችን ስታነሱ ነጩ ግራጫ ሆኖ ቢወጣ ካሜራው አልተበላሸም። ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ለማምጣት ስለተሠራ ነጭ ሲበዛበት ያጨልማል፤ ፊትንም አብሮ ያጠቁራል። ፕላስና ማይነስ ምልክት ያለበትን ማስተካከያ ወደ ፕላስ 0.7 ወይም ፕላስ 1 ከፍ አድርጉ። ጂ7ኤክስ ላይ ከላይ በኩል የሚዞር ቁልፍ አለው፤ አርኤክስ100 ላይ ከኋላ ያለውን ክብ ቁልፍ ወደ ታች መጫን ነው።