ስክሪንሾቱን ሳይሆን ሒሳባችሁን እዩ

በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ሒሳብ ክፍያ የምትቀበሉ ባለሱቆች፣ ደንበኛው ስልኩን ዘርግቶ «ይኸው ልኬያለሁ» ሲላችሁ ስክሪንሾት አይታችሁ ብቻ ዕቃ አትስጡ። የድሮ ደረሰኝ ላይ ስምና መጠን መቀየር ቀላል ነው። የጽሑፍ መልእክትም ቢሆን ማንም ከተራ ቁጥር አስመስሎ ይልከዋል።

በራሳችሁ ስልክ አረጋግጡ። ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# ደውላችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ተራ ባለቁልፍ ስልክም ይበቃል። መልሱ የሚመጣው ከሲስተሙ ስለሆነ ደንበኛው ሊነካካው አይችልም።

ይህ በደንብ የሚሠራላችሁ ግን ለሽያጭ ብቻ የሚሆን የተለየ ሒሳብ ሲኖራችሁ ነው። ጠዋት ሱቅ ስትከፍቱ ቀሪውን ደብተር ላይ ጻፉት። 4,300 ብር ከነበረና የ650 ብር ዕቃ ከሸጣችሁ 4,950 ማየት አለባችሁ፤ አለቀ። የቤት ወጪና የእቁብ ብር ከተደባለቀበት ግን የቱ የማን እንደሆነ ይጠፋችኋል። የሚስጥር ቁጥር ስታስገቡ ደግሞ ከደንበኛው ዞር በሉ።

ከሌላ ባንክ የተላከ ብር አንዳንዴ ይዘገያል። ያኔ ሰውን ሌባ ማለት ነውር ነው፤ ዕቃውን ለብቻ አስቀምጡለትና ብሩ ሲገባ ይውሰድ።