ያገለገለ የመኪና ፍሪጅ ስትገዙ የአዲስ አበባን ብርድ አትመኑ

መስከረም ሲጠባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የጉብኝት ወቅት ደረሰ ማለት ነው። «ጋሼ፣ አሪፍ ፍሪጅ አግኝቻለሁ፣ እስቲ ይዩልኝ» ይሉኛል። ድንኳን ጭነው ወደ ዳናኪል፣ ወደ ኦሞ፣ ወደ ባሌ የሚወጡ ወጣት ሾፌሮች ናቸው። ብዙዎቹ የሚደውሉት ግን ብሩን ከከፈሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳትከፍሉ ልድረስባችሁ።

አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ስህተት ይሄ ነው። ሻጩ ፍሪጁን ሳሎን ውስጥ ይሰካል። ሃያ ደቂቃ ይጠበቃል። ገዢው እጁን ያስገባል፣ «ኧረ በረዶ ነው!» ይላል፣ ብር ይቆጠራል። ይሄ ፍተሻ አይደለም! አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ላይ ነው ያለችው። ጠዋት ቤት ውስጥ 18 ዲግሪ ቢሆን ነው። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ለመግባት 14 ዲግሪ ብቻ ነው የሚወርደው። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። እዚያ 40 ዲግሪ ብርቅ አይደለም፣ የተዘጋ መኪና ውስጥ ሲሆን ይብሳል። የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ትንሽ የጎደለበት፣ ጋዙን የሚገፋው ሞተር (ኮምፕሬሰሩ) የደከመ፣ ማራገቢያው በአቧራ የታነቀ ፍሪጅ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ቆላ ሲወርድ ነው።

እኔም ደርሶብኛል። ከዓመታት በፊት ከሀገር ከሚወጣ አንድ ሰው ባለ 40 ሊትር ገዛሁ። ሐምሌ ነበር፣ ዝናብ። ወዲያው በረደልኝ፣ ከፍዬ ሄድኩ። ጥር ላይ እንግዶች ይዤ በመቀሌ በኩል አፋር በረሃ ውስጥ ወዳለችው ሐመድ ኤላ መንደር ወረድኩ። ከእንግዶቹ አንዷ እናት የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ ኢንሱሊናቸውን አምነው የሰጡት ለእኔ ነው። ማታ ምግብ አብሳያችን እራት ሊሠራ ክዳኑን ሲከፍት የሥጋው ሽታ ቀደመን። ቴርሞሜትር አስገባሁ፣ 19 ዲግሪ።

ሥጋውን ጣልነው። ያስጨነቀኝ ሥጋው አልነበረም። ኢንሱሊኑን በላስቲክ አሽገን፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ነፋስ በሚያገኘው በኩል ሰቀልነው። ሌሊቱን ሙሉ ጨርቁ በደረቀ ቁጥር እየተነሳሁ ውሃ አርከፈከፍኩበት። ሲነጋ ጉዞውን አቋርጠን ወደ መቀሌ ወጣን። መድኃኒቱ ተረፈ። ሴትየዋ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ያ ሌሊት ግን ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ነው የምፈትሸው። ፀሐያማ ቀን እመርጣለሁ። ፍሪጁን መኪናው ውስጥ አስገብቼ፣ መስኮት ዘግቼ ፀሐይ ላይ አቆማለሁ። ስድስት ባለ ግማሽ ሊትር ውሃ ሳላቀዘቅዝ አስገባለሁ። የራሴን ቴርሞሜትር ከጠርሙሶቹ መሃል አስቀምጣለሁ። የፍሪጁ ስክሪን የሚያሳየውን ቁጥር አላምንም። አራት ሰዓት እጠብቃለሁ። ውሃው ቀዝቅዞ ኮምፕሬሰሩ አልፎ አልፎ እያረፈ ከሆነ እገዛለሁ። አራቱን ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ ከሮጠ አልገዛም። ሻጩ «ይሄን ያህል መቆየት አልችልም» ካለ ቀብድ ከፍላችሁ ለአንድ ቀን ውሰዱት። በዚህም የማይስማማ ሰው ፍሪጅ ይቅርባችሁ።

ሁለተኛው ስህተት ኮምፕሬሰር ባለው ፍሪጅ ፋንታ ኮምፕሬሰር የሌለው ማቀዝቀዣ ሳጥን ገዝቶ መምጣት ነው። አንድ ልጅ በደስታ እየሳቀ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ መጣ። ገና ሳልከፍተው አወቅኩት። ኮምፕሬሰር ያለው ባለ 40 ሊትር ፍሪጅ ባዶውንም ይከብዳል፤ እንደ ዘንቢል አይንጠለጠልም። ጎኑ ላይ «ሙቅ» እና «ቀዝቃዛ» የሚል ማብሪያ ካለው፣ ሲሰካ የማራገቢያ ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ እሱ ፍሪጅ አይደለም። ከውጭው አየር 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ማድረግ ነው አቅሙ። ሎጊያ ላይ 42 ሲሆን ውስጡ 22 ይሆናል ማለት ነው። ልጁ ፊቱ ሲጠቁር ሳይ አዘንኩለት።

«ቤት ይሠራል፣ መኪና ላይ እምቢ ይላል» የሚባለው ፍሪጅ ግን ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ፍሪጁ ሲሠራ ከ4 እስከ 6 አምፒር ይስባል። የሲጋራ መለኮሻው ሽቦ ቀጭን ነው፣ ሶኬቱም በኮሮኮንች ይላላል። ባትሪው ላይ 12.4 የነበረው ቮልት ፍሪጁ ጋ ሲደርስ 11 ይሆናል፤ ፍሪጁም ባትሪው ያለቀ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ቴስተር ያዙ፤ ፍሪጁ እየሠራ ሳለ መሰኪያው ላይ ለኩ። ዳንፎስ ወይም ሴኮፕ የሚባል ኮምፕሬሰር ባለባቸው ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት አለች። አንዴ ብልጭ ካለች የቮልት ማነስ ነው፣ ሦስቴ ከሆነ ሞተሩ መነሳት አቅቶታል። የመጀመሪያው የሽቦ ጉዳይ ስለሆነ ዋጋ አስቀንሳችሁ ግዙት። ሁለተኛውን ተዉት። ከባትሪው ቀጥታ ባለ 6 ካሬ ሽቦ ሳቡለት፣ ባትሪው አጠገብ 15 አምፒር ፊውዝ አድርጉበት። ከሞተር ማስነሻው ባትሪ ጋር የምታገናኙት ከሆነ ፍሪጁ ላይ ያለውን የባትሪ መከላከያ «ከፍተኛ» ላይ አድርጉ። አለዚያ በረሃ ላይ ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ «ጭጭ» ነው።

የክዳኑን ጎማ ሳያዩ የሚገዙም አሉ። አንድ ባለ 50 ብር ክዳኑ መሃል አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው ሞቷል። አራቱንም ጎን ሞክሩ።

ኮምፕሬሰሩ አካባቢ ባሉት ቱቦዎች ላይ የዘይት ወዝ ካያችሁ ጋዝ እየሾለከ ነው። «ጋዝ አስሞላለሁ» ብላችሁ አትጽናኑ። እነዚህ ፍሪጆች የሚይዙት ጥቂት አስር ግራም ብቻ ነው። ያለ ሚዛን በግምት የሚሞላ ባለሙያ ይገድላቸዋል። መለያው ላይ አር-600ኤ የሚል ከሆነ ደግሞ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው በእሳት ብየዳ እንዳይነካው።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የቤት አዳፕተሩን አንብቡ። 110 ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል።

በምግብ ማብሰያ ጋዝም በመብራትም የሚሠራውን ዓይነት ለመንገድ አትግዙት። ወለሉ ካልተስተካከለ አያቀዘቅዝም።

ስትወስዱት አታጋድሙት። ካጋደማችሁት ዘይቱ ወደ ኮምፕሬሰሩ እስኪመለስ ቀጥ ብሎ ይቆይ። ማታ ካመጣችሁት ጠዋት ሰኩት።