የመጥለቂያ መነጽሬን ጉም እንዴት አስለቀቅሁት

በስኮትላንድ ስካፓ ፍሎው በተባለው የባሕር ወሽመጥ፣ በዓለም ጦርነቶች ጊዜ መተላለፊያውን ለመዝጋት ሆን ተብሎ ከሰመጡት መርከቦች አንዱን ለማየት ጠልቄ ነበር። ጥልቀቱ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እኔ ግን የዛገውን ብረት በዳበሳ ነው ያወቅሁት። አዲሱ መነጽሬ በየደቂቃው ጉም ይለብሳል። እንዴት ያንገበግባል!

ድሬዳዋ ውስጥ በሆቴል መዋኛ ስለማመድ አንድም ቀን እንዲህ አላደረገም። ምክንያቱ የገባኝ ቤቴ ስመለስ ነው፤ የድሬ ውኃ ለብ ያለ ስለሆነ መስታወቱ አይቀዘቅዝም። በቀዝቃዛ ባሕር ግን ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ቅባት ካለበት ደግሞ ጤዛው በጥቃቅን ጠብታ ተበትኖ እይታን ይጋርዳል።

የመስታወቱን ውስጥ በነጭ የጥርስ ሳሙና በጣቴ አሽቼ አጠብሁት። ጉም መከላከያ የተቀባ መነጽር ግን እንዲህ አይታሽም፤ ሽፋኑ ይላጣል። ከዚያ በረዶ የተሞላ ሳህን ላይ አስቀምጬ ተነፈስሁበት። ዳር ዳሩን ነጭ ቀለበት ታየ። ደግሜ አሸሁ፤ ቀለበቱ ጠበበ። በአራተኛው ጠፋ።

አሁን ከመጥለቄ በፊት አንድ ጠብታ የሕፃናት ሻምፑ ቀብቼ ለቅለቅ አደርገዋለሁ። በሁለተኛው ጉዞዬ በመርከቡ ጎን የበቀለውን የባሕር አረም ቅጠል በቅጠል አየሁት።