ሙዚቀኞችንና ሐያሲን ስለ ክዋኔ ጥበብ በአደባባይ እንዴት ማወያየት ይቻላል?

ክዋኔ ጥበብ፣ ብዙዎች ፐርፎርማንስ አርት የሚሉት፣ የከያኒው አካል፣ ቦታው፣ ጊዜውና ተመልካቹ ራሳቸው ሥራው የሚሆኑበት ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ ላላየ ሰው በቃል ብቻ መተንተን ውይይቱን ከጅምሩ ያደርቀዋል። ስለዚህ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶ ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች እንዲህ ያለ መድረክ የሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት፣ ታዳሚው ከውይይቱ በፊት እዚያው ቦታ ምን እንደሚያይ ነው። ሩብ ሰዓት የሚፈጅ አንድ ክዋኔ ይበቃል።

ከሁለት ሙዚቀኞችና ከአንድ ሐያሲ በላይ መጋበዝ አያስፈልግም፤ ሐያሲው በብዙ ሙዚቀኞች መካከል ሲቀመጥ ወይ ተከሳሽ ወይ ዳኛ ይሆናል። ከሙዚቀኞቹ አንዱ አዝማሪ ቢሆን እመርጣለሁ። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውር አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ መልሶ ያዜመዋል፤ አድማጩም በዚያች ቅጽበት የሥራው አካል ይሆናል። ይህ ማለት ግን አዝማሪነትና የዛሬው ክዋኔ ጥበብ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። አዝማሪው ለድግሱና ለደጋሹ ሲያዜም የዛሬው ከያኒ ብዙውን ጊዜ ማንም ያላዘዘውን ጥያቄ ይዞ ይቀርባል፤ ጥሩ ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ሙዚቀኛ በገና ደርዳሪ ከሆነ አስቀድሞ ማነጋገር ግድ ነው። ለብዙ ደርዳሪዎች በገና ጸሎት ነው፤ ድምፁም በይበልጥ የሚሰማው በዐቢይ ጾም ነው። ጭብጨባ ይፈቀድ እንደሆነና ሥራቸው ክዋኔ ተብሎ ቢጠራ ቅር ይላቸው እንደሆነ በአክብሮት መጠየቅ ያስፈልጋል። ቅር የሚላቸው ከሆነ ያንኑ በመድረክ ላይ እንዲያስረዱ መጋበዝ ይቻላል፤ ከዚህ የበለጠ የውይይት መነሻ በቀላሉ አይገኝም።

የውይይቱ ዋና ሥርዓት ሐያሲው ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ያየውንና የሰማውን እንዲገልጽ ማድረግ ነው። «ግሩም ነበር» ወይም «ደካማ ነበር» ሳይል፣ ተጫዋቹ የት እንደተቀመጠ፣ ታዳሚው መቼ ዝም እንዳለና መቼ እንደተንቀሳቀሰ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይናገር። ለምሳሌ በገና ደርዳሪው በሰው ፊት ዐሥሩን አውታር አንድ በአንድ ሲቃኝ፣ ከየአውታሩ ሥር ያለችውን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ በጣቱ ገፋ መለስ እያደረገ ያንን ነዛሪ ድምፅ ሲፈልግ ታዳሚው ያያል። ሐያሲው ይህን በዝርዝር ከገለጸ በኋላ «ሥራው የጀመረው ቅኝቱ ሲጀመር ነው ወይስ ሲያልቅ?» ብሎ ይጠይቅ። በ1952 እ.ኤ.አ. ፒያኒስቱ ዴቪድ ቱዶር አንድም ኖታ ሳይመታ ፒያኖ ፊት 4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ የተቀመጠበት የአሜሪካዊው ሙዚቃ ደራሲ የጆን ኬጅ ሥራም፣ ሙዚቃ የሚባለው የትኛው ድምፅ እንደሆነ አከራክሯል። ደርዳሪው መልስ ከሰጠና የሐያሲውን ገለጻ ካረመ በኋላ ብቻ ወደ ሂስ ይታለፍ።

አወያዩ አንድ ነገር በብርቱ መጠበቅ አለበት፦ ደርዳሪው በዕድሜ የገፉ መምህር ከሆኑ ወጣቱ ሐያሲ ሂሱን ሊውጠው ይችላል። «መምህር» እና «እርስዎ» ማለት ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ አክብሮቱ ሂስን እንደማይከለክል መምህሩ ራሳቸው በመክፈቻው ቢናገሩ የሐያሲው አንደበት ይፈታል።

ሰዓቱን በተመለከተ እሑድ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ይሻላል፤ ከመሸ በኋላ ከዳር ሰፈር ታክሲ ማግኘት ያስቸግራል። አዳራሹ የሰፈሩ ኮሚናል ከሆነ በዚያው ቀን የዕድር ስብሰባ እንደሌለ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ማስነሣቱን አልመክርም፤ ጩኸቱ በገናውን ይውጠዋል። ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ደርድሮ ያለ ማይክ መቀጠል ይሻላል።

የሙዚቀኞቹም የሐያሲውም ክፍያ፣ ቪዲዮ የመቅረጽ ፈቃድም ጭምር፣ ከዕለቱ በፊት በጽሑፍ ይለቅ። አዝማሪውን መሸለም የሚፈልግ ታዳሚ በክዋኔው ጊዜ ይሸልም፤ ውይይቱ ከተጀመረ በኋላ ግን ሽልማቱ የሙዚቀኛውን መልስ ስለሚያቋርጥ አወያዩ በትሕትና ወደ መጨረሻው ያቆየው።